ሰንሰለትና አረፋ
ፖሊመሮችና ሰርፋክታንቶች በልብስ ማጠቢያ ውስጥ ስላላቸው ግንኙነት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በዛሬው ጉባኤ ስለ ልብስ ማጠቢያ እንድናገር በተጋበዝኩ ጊዜ፣ ርእሱ ለዚህን ያህል የተማረ ሸንጎ የሚመጥን አይደለም ብለው ፈገግ ያሉ ባልደረቦች እንደነበሩ አልሸሽግም። ሳፋ፣ ሳሙናና አረፋ የጓዳ እንጂ የጉባኤ ጉዳይ ሆነው አልታዩአቸውም ይሆናል። ይሁን እንጂ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚል ሕዝብ ለነጭ ልብሱ ያለው ፍቅር ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በከተራ ዕለት ከዚህ ከአራዳ ተነሥቶ ታቦት አጅቦ ወደ ጃንሜዳ የሚተመውን ሕዝብ መመልከት ብቻ ይበቃል። ያ ሁሉ ነጠላ፣ ያ ሁሉ ጋቢና ቀሚስ እንደዚያ ነጥቶ የሚወጣው ከጥቂት ቀናት በፊት በየቤቱ ሳፋ ውስጥ በተካሄደ የኬሚስትሪ ሥራ ነው። ሥራውን የሚያከናውኑት እናቶችና እኅቶች ኬሚስትሪ ነው ብለው አይጠሩት ይሆናል፤ ስሙ ግን ያው ነው።

በመሆኑም ዛሬ የምናገረው በዚያ ሳፋ ውስጥ ስለሚገናኙ ሁለት ዓይነት ሞለኪውሎች ነው። አንደኛው ቆሻሻውን ከልብስ የሚያላቅቀው ሰርፋክታንት ነው። ሁለተኛው ረጅም ሰንሰለት የሆነው ፖሊመር ነው። እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆኑ ግን በሚገባ አልተማርንም፤ ቢያንስ እኔ አልተማርኩም ነበር። የተማርኩት ከተሳሳትኩ በኋላ ነው። ይህንኑ ስሕተቴን በተራው ስለምነግራችሁ ከወዲሁ ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

አራዳና የልብስ አጠባ

አራዳ ሲባል የጥንቱ ሰው የሚያስታውሰው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ የነበረውን ታላቅ ገበያ ነው። ገበያው በጣልያን ወረራ ዘመን ወደ ዛሬው መርካቶ እስከተዛወረበት ጊዜ ድረስ የከተማው ንግድ እምብርት ነበር። ፒያሳ የሚለው ስምም ከዚያው ዘመን የቀረ የጣልያንኛ ቃል ነው። ከስሙ ጋር አብረው ከቀሩት ቃላት አንዱ ዛሬም በየሱቁ የሚጠራው በረኪና ነው። ከዚያም በኋላ ማናቸውም የዱቄት ማጠቢያ በአንድ የንግድ ምልክት ስም «ኦሞ» ተባለ፤ ፈሳሹም እንደዚሁ በብዙ ሰው አንደበት «ላርጎ» ሆነ። እንግዲህ የልብስ ማጠቢያችንን ታሪክ ከመጽሐፍ ይልቅ ከቃላቱ ማንበብ ይቻላል።

ከእነዚህ ሁሉ ስሞች በፊት ግን እንዶድ ነበረ። የእንዶድ ፍሬ ደርቆ ሲወቀጥና በውኃ ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ነው። የሳፖኒን ሞለኪውል በአንድ ወገኑ ውኃ የሚወድ የስኳር ክፍል፣ በሌላው ወገኑ ደግሞ ውኃን የሚሸሽና ቅባትን የሚወድ ክፍል አለው። ይህም ማለት እናቶቻችን ሰርፋክታንት የሚለው ቃል ከመፈጠሩ ከብዙ ዘመን በፊት ሰርፋክታንቱን ራሱን ያውቁት ነበር ማለት ነው።

የእንዶድ ነገር ሲነሣ ዶክተር አክሊሉ ለማን አለማስታወስ አይቻልም። እኚህ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ አካባቢ ስለ ብልሃርዝያ በሚያጠኑበት ጊዜ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈው ተመለከቱ። ብዙ ሰው አልፎት የሚሄደውን ነገር እሳቸው ቆም ብለው መረመሩት፤ በሽታውን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚያጠፋ የአገር ውስጥ ተክል መኖሩንም ለዓለም አስታወቁ። ለዚህም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል። ለእኛ ለኬሚስቶች ግን ከዚህ ታሪክ የሚቀረው ሌላም ትምህርት አለ። ይኸውም የልብስ እጣቢ ከታጠበበት ሥፍራ ላይ አይቀርም፤ ወርዶ ከታች ያለውን ሕይወት ይነካል። ወደዚህ ነጥብ በመጨረሻ እመለሳለሁ።

የጀሪካኑ ታሪክ

አሁን ወደ ስሕተቴ ልለፍ። ከ2016 ዓ.ም. በፊት፣ ማለትም በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከዶሮ ማነቂያ ብዙ ቤቶች ከመፍረሳቸው አስቀድሞ፣ በዚያው አካባቢ በአንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ፈሳሽ ሳሙና የሚያመርቱ አምስት ወጣቶች ነበሩ። ሥራቸው ዛሬ በብዙ ሰፈር እንደሚታየው ነበር። ሰልፎኒክ አሲድ በጀሪካን ይገዛሉ፤ በበርሜል ውኃ ውስጥ በኮስቲክ ሶዳ ያመክኑታል፤ ጨው፣ ቀለምና ሽታ ጨምረው ያሽጉታል። ምርታቸው ቀጭን ነበር። ደንበኛም ጠርሙሱን ዘንበል አድርጎ እያየ «ይህ ውኃ ነው» እያለ ይመልስባቸው ነበር።

ከወጣቶቹ አንዱ ቀድሞ ያስተማርኩት ነበርና «መምህር፣ እባክዎ ምን እናድርግ?» ብሎ መጣ። እኔም ብዙ ሳልጨነቅ «ሲ.ኤም.ሲ. ጨምሩበት» አልኩት። ሲ.ኤም.ሲ. እንደምታውቁት ከሴሉሎስ የሚሠራ ካርቦክሲ ሜቲል ሴሉሎስ የተባለ ፖሊመር ነው። በጥቂቱ ውኃን ያወፍራል። ወጣቶቹም እንዳልኳቸው አደረጉ፤ ምርታቸውም እንደ ማር ወፈረ። ከወፈረ በኋላ ደግሞ ዋጋው ውድ የሆነውን ሰልፎኒክ አሲድ በግማሽ ቢቀንሱትም ውፍረቱ የማይለወጥ መሆኑን አዩ። ቀነሱትም። እኔ ይህንን አላወቅሁም፤ ብጠይቅ ግን አውቀው ነበር።

በዚያው ሰፈር ለብዙ ዓመታት የሰው ልብስ እያጠቡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ቀጭኑንም ወፍራሙንም ሰጥቻቸው «እማማ፣ እስቲ ይሞክሩልኝና የትኛው እንደሚሻል ይንገሩኝ» አልኳቸው። በሳምንቱ ስመለስ ሁለት ነጠላ ገመድ ላይ አስጥተው ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ይኸኛው ያዳልጣል እንጂ አያጥብም» አሉኝ ወፍራሙን እያመለከቱ። «በሁለት ውኃ የሚለቀለቀውን አራት ውኃ አስፈጀኝ። ያም ሆኖ እድፉ እንዳለ ነው። ውኃውን በጀሪካን የምሸከም እኔ ነኝ፤ ይህን ለሠሩት ልጆች ንገርልኝ።»

በዚህ ብቻ አላበቃም። በማከማቻ ውስጥ የቆየው ምርት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሁለት ተከፈለ፤ አንደኛው ክፍል ቀጭን፣ ሁለተኛው ዝልግልግ ሆነ። ወጣቶቹም ሽታው እንዲያምር ብለው በሌላ በርሜል ውስጥ የልብስ ማለስለሻ ቢጨምሩበት እንደ ተቆረጠ ወተት ነጭ ቋጠሮ አበጀ። የተበላሸው ሁሉ ተደፋ። የተደፋውም ብድር ወስደው የገዙት ዕቃ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው መጻሕፍቴን እንደገና የገለጥኩት። ያገኘሁትን ከዚህ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ሁለቱ ባለጉዳዮች

ሰርፋክታንት ራስና ጅራት አለው። ራሱ ውኃ ወዳድ ነው፤ ጅራቱ ደግሞ ውኃን ይሸሻል። በውኃ ውስጥ ጥቂት ብቻ ሲሆን ወደ ገጹ ወጥቶ ጅራቱን ወደ አየር ያወጣል፤ የውኃውንም የገጽ ውጥረት ይቀንሳል። መጠኑ እየበዛ ሲሄድ ገጹ ይሞላል። በዚህን ጊዜ የተረፉት ሞለኪውሎች ጅራቶቻቸውን ወደ ውስጥ፣ ራሶቻቸውን ወደ ውጭ አድርገው ሚሴል በሚባል ክብ ስብስብ ይሰባሰባሉ። ለምሳሌ ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት የተባለው ሰርፋክታንት በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሚሴል መሥራት የሚጀምረው በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 2.3 ግራም ገደማ ሲገኝ ነው። አንዱ ሚሴልም 60 ያህል ሞለኪውሎችን ይይዛል። ቅባትን ከልብስ ተቀብለው በውኃ ውስጥ ይዘው የሚቆዩት እነዚህ ሚሴሎች ናቸው።

ፖሊመር ደግሞ አንድ ዓይነት ቅንጣት በመቶና በሺህ ጊዜ እየተደጋገመ የተያያዘበት ሰንሰለት ነው። ተልባ በውኃ ሲዘፈዘፍ የሚያወጣውን ልጋግ ያየ ሰው፣ ጥቂት ፖሊመር ብዙ ውኃን እንዴት እንደሚያወፍር አይቷል። ሰንሰለቱ በውኃው ውስጥ ተዘርግቶ ከጎረቤቱ ጋር ስለሚጠላለፍ ፈሳሹ እንደ ልቡ እንዳይፈስ ያግደዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አባባል ለፖሊመር የተነገረ ይመስላል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ነጥብ ልብ በሉልኝ። ውፍረት የሰንሰለቱ ሥራ ነው፤ ማጠብ ደግሞ የሰርፋክታንቱ ሥራ ነው። ደንበኛው በጠርሙስ ውስጥ የሚያየው ውፍረቱን ነው፤ በልብሱ ላይ የሚፈልገው ግን ማጠቡን ነው። የወጣቶቹና የእኔ ስሕተት በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተፈጠረ ነበር።

ሦስቱ ግንኙነቶች

ፖሊመርና ሰርፋክታንት በአንድ ዕቃ ሲገናኙ የሚሆነው ነገር በዋነኛነት የሚወሰነው በኤሌክትሪክ ሙላቸው ነው። በዚህ ረገድ ሦስት ሁኔታዎችን ለይቶ ማየት ይቻላል።

አንደኛው ፖሊመሩ ሙል የሌለው፣ ሰርፋክታንቱ ደግሞ ኔጌቲቭ ሙል ያለው ሲሆን ነው። ጆንስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1967 ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌትን ከፖሊኤቲሊን ኦክሳይድ ጋር ቀላቅሎ የገጹን ውጥረት ለካ። ፖሊመር በሌለበት ጊዜ ውጥረቱ እየቀነሰ ሄዶ በአንድ ነጥብ ላይ ይቆማል። ፖሊመሩ ሲኖር ግን አንድ ሳይሆን ሁለት መታጠፊያዎች ታዩ። የመጀመሪያው መታጠፊያ የመጣው ሚሴል ከሚጀመርበት መጠን ቀድሞ፣ በግማሹ ገደማ ላይ ነው። ሰርፋክታንቱ በሰንሰለቱ ላይ መሰባሰብ የሚጀምረው በዚያ ነው። ሁለተኛው መታጠፊያ የመጣው ሰንሰለቱ ከሞላና ትርፉ ነጻ ሚሴል መሥራት ከጀመረ በኋላ ነው። ካባን የተባለ ፈረንሳዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 የዚህን ስብስብ መልክ መርምሮ፣ ትናንሽ ሚሴሎች ሰንሰለቱ በየገጻቸው እየተጠመጠመባቸው መሰካታቸውን አስረዳ። ምስሉን ለማየት የሚፈልግ ሰው የአባቶቻችንን መቁጠሪያ ያስታውስ፤ ክሩ ፖሊመሩ፣ ፍሬዎቹ ሚሴሎቹ ናቸው።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ኔጌቲቭ ሙል ያላቸው ራሶች በሚሴሉ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ በመካከላቸውም የጅራቱ ጥቂት ክፍል ለውኃው ይጋለጣል። ሰንሰለቱ በዚያ በተጋለጠው ሥፍራ ሲቀመጥ ግፊያውን ያለዝባል፤ ውኃንም ከጅራቱ ያርቃል። ለዚህም ነው ሙል የሌላቸው ሰርፋክታንቶች ከዚህ ዓይነት ፖሊመር ጋር እምብዛም የማይተሳሰሩት። ራሶቻቸው ስለማይገፋፉና ገጹን በሚገባ ስለሚሸፍኑት የሰንሰለቱ እርዳታ አያስፈልጋቸውም።

ሁለተኛው ሙላቸው ተቃራኒ ሲሆን ነው። በዚህን ጊዜ መሳሳቡ ብርቱ ነው፤ ሰርፋክታንቱ ከተለመደው መጠን እጅግ ባነሰ መጠን በሰንሰለቱ ላይ ይጣበቃል። ሙሉ ተጣፍቶ እኩል በሚሆንበት ነጥብ ላይ ስብስቡ በውኃ ውስጥ ሊቆይ ስለማይችል ይዘቅጣል። ሰርፋክታንቱ ከዚያም በላይ ሲበዛ ብዙውን ጊዜ ዝቃጩ ተመልሶ ይሟሟል። ጎዳርድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህንን በፖዘቲቭ ሴሉሎስ ላይ በሚገባ አጥንተውታል። የጸጉር ሻምፖ ሠሪዎችም ተጠቅመውበታል። በጠርሙሱ ውስጥ ሰርፋክታንቱ ብዙ ስለሆነ ሁሉም እንደተሟሟ ይቆያል፤ ጸጉር ሲለቀለቅ ግን ስለሚቀጥን ስብስቡ ወፍራም ጠብታ ሆኖ ይለይና በጸጉሩ ላይ ይቀመጣል። ጸጉርን የሚያለሰልሰውም ይኸው ነው። ለሻምፖ ጥበብ የሆነው ነገር ግን ለወጣቶቻችን በርሜል ጥፋት ሆነ። የልብስ ማለስለሻው ፖዘቲቭ ነበር፤ ሲ.ኤም.ሲ.ውም ሰልፎኔቱም ኔጌቲቭ ነበሩ። ነጩ ቋጠሮ የእነዚህ መጣበቅ ነው።

ሦስተኛው ሙላቸው አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። ሲ.ኤም.ሲ. ኔጌቲቭ ነው፤ ሰልፎኔቱም ኔጌቲቭ ነው። ስለዚህ አይጣበቁም፤ ይገፋፋሉ። ፈሳሹ ቀጭን በሆነበት በሳፋ ውስጥ ይህ ምንም ጉዳት የለውም፤ እያንዳንዱ የየራሱን ሥራ ይሠራል። በጠርሙስ ውስጥ፣ ሰርፋክታንቱ፣ ፖሊመሩና ጨው በብዛት ታጭቀው ባሉበት ግን ሥፍራ ይጠብባቸዋል። ሚሴሎቹ በአንድ ወገን፣ ሰንሰለቶቹ በሌላ ወገን ይሰበሰባሉ። የጀሪካኑ ሁለት መከፈል ከዚህ የተነሣ ነበር። ወጣቶቹ ከጓደኞቻቸው አንዱ በመለኪያ የተሳሳተ መስሎአቸው ተጣልተው ነበር። ማንም አልተሳሳተም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ስለ ጨውና ስለ ውፍረት

ታዲያ ቀጭኑን ፈሳሽ ያለ ሲ.ኤም.ሲ. ማወፈር ይቻላል ወይ? ይቻላል። ሰልፎኔቱ ሶዲየም ሎሪል ኢተር ሰልፌት ከሚባለው ጋር ሲቀላቀልና ጨው በጥቂት በጥቂቱ ሲጨመርበት፣ የጨው ሶዲየም የራሶቹን ግፊያ ስለሚያለዝብ ሚሴሎቹ ከክብነት ወደ ረጅም ትል መሳይ ቅርጽ ይለወጣሉ። ትሎቹም እንደ ፖሊመር ይጠላለፋሉ፤ ፈሳሹም ይወፍራል። ይህ ውፍረት ከሰርፋክታንቱ ከራሱ የመጣ ስለሆነ፣ ሰርፋክታንቱን የቀነሰ ሰው ውፍረቱንም አብሮ ያጣል። ስለሆነም ከሲ.ኤም.ሲ. ውፍረት ይልቅ ታማኝ ምስክር ነው።

ሆኖም የጨው ነገር ልክ አለው። ውፍረቱ ከጨው ጋር እያደገ ሄዶ ከአንድ ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመር እያንዳንዱ እፍኝ ያቀጥነዋል፤ በመጨረሻም ያደፈርሰዋል። ብዙ አምራቾች ጫፉን ካለፉ በኋላ «ጨው አነሰው» ብለው ይጨምሩበታል፤ ይበልጥም ይቀጥንባቸዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ በርሜል አንድ ሊትር ቀድቶ ጨውን በትንሽ ማንኪያ እየጨመሩ፣ በየጊዜው በአንድ ቀዳዳ ውስጥ ፈስሶ የሚያልቅበትን ደቂቃ መመዝገብና ከጫፉ በፊት ማቆም ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሰዓት፣ ሚዛንና ደብተር ብቻ ነው።

ፖሊመር በትክክለኛ ቦታው

ከዚህ በላይ የተናገርኩት ሲ.ኤም.ሲ. ምንም አይጠቅምም የሚል ትርጉም እንዳይሰጠው እፈራለሁ። ሲ.ኤም.ሲ. እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በጀርመን አገር ወደ ልብስ ማጠቢያ የገባው ለማወፈር አልነበረም። ሥራው ቆሻሻ ተመልሶ እንዳይቀመጥ መከላከል ነው። ጥጥ ሴሉሎስ ነው፤ ሲ.ኤም.ሲ.ም የሴሉሎስ ልጅ ነው። ዘመዱን እንደሚያውቅ ሁሉ በጥጡ ክር ላይ ይነጠፋል፤ ኔጌቲቭ ሙሉንም ለክሩ ያውሰዋል። ከልብስ የተላቀቀው ጥላሸትና አፈር እርሱም ኔጌቲቭ ስለሆነ ወደ ክሩ ሊመለስ ሲል ይገፋል። ከዱቄቱ ክብደት 1 በመቶ ያህል ለዚህ ይበቃል። ለነጠላና ለጋቢ ከዚህ የበለጠ ጠባቂ ማግኘት ያስቸግራል። ለፖሊስተር ልብስ ግን እምብዛም አይጠቅምም፤ ፖሊስተር ዘመዱ አይደለምና። ለእርሱ ሌላ ዓይነት፣ ከፖሊስተር ጋር የሚመሳሰል አካል ያለው ፖሊመር ተሠርቶለታል።

ሌላው የእኛን ልብስ በቀጥታ የሚመለከተው የጥለት ጉዳይ ነው። ቀይና አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ ታጥቦ ነጩ ወደ ሐምራዊ ሲለወጥ ያላየ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። ለዚህ የሚረዳው ፖሊቪኒል ፒሮሊዶን የተባለው ፖሊመር ነው። ከጥለቱ የለቀቀውን ቀለም በውኃው ውስጥ ሳለ ይይዘውና ወደ ነጩ ክር እንዳይሄድ ይከላከለዋል። ነገር ግን ከላይ የተናገርኩትን የመቁጠሪያውን ነገር አስታውሱ። ይህ ፖሊመር ሙል የሌለው ስለሆነ ኔጌቲቭ ሰርፋክታንት በብዛት ሲገኝ ሰርፋክታንቱ በሰንሰለቱ ላይ ይሰካል፤ ለቀለሙ የተዘጋጀውንም ሥፍራ ይይዝበታል። ስለዚህ ለባለ ቀለም ልብስ የሚዘጋጅ ማጠቢያ ሙል የሌላቸውን ሰርፋክታንቶች ማብዛት ይኖርበታል። ሁለት ጥሩ ነገሮችን አንድ ላይ ማድረግ ሁልጊዜ እጥፍ ጥቅም እንደማያስገኝ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ሦስተኛው የጠጣር ውኃ ጉዳይ ነው። ካልሲየም የበዛበት ውኃ ከተራ ሳሙና ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሠራል፤ ዝቃጩም በነጭ ልብስ ላይ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። የድሬዳዋ ነዋሪ በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚያየው ነጭ ቅርፊት የዚሁ ካልሲየም ሥራ ነው። ቀደም ሲል ካልሲየሙን የሚይዘው ፎስፌት ነበር። ፎስፌት ግን በሐይቅና በግድብ ውኃ ውስጥ አረምን ስለሚያፋፋ፣ በብዙ አገሮች እየተቀነሰ በምትኩ ዚዮላይት የተባለው ማዕድንና ፖሊአክሪሌት የተባሉት ፖሊመሮች ገቡ። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2013 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ በቤት ልብስ ማጠቢያ ውስጥ የሚገኘውን ፎስፈረስ በሕግ ወስኖታል። ፖሊአክሪሌት የካልሲየም ካርቦኔት ክሪስታል እንዳያድግ ያግዳል፤ የተፈጠረውንም ዝቃጭ በትኖ በውኃ ውስጥ ያቆየዋል።

እጣቢው ወዴት ይሄዳል

አሁን በአድዋ ወንዝ ወደተነሣው ነጥብ እመለሳለሁ። ከአራዳ የሚወጣው እጣቢ፣ በቱቦ ያልተያዘው ሁሉ፣ በግንፍሌ፣ በቀጨኔና በቀበና በኩል አድርጎ ወደ ታላቁ አቃቂ ይወርዳል። ከዚያ በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ይገባል። በአባ ሳሙኤል ላይ እንቦጭ ተንሰራፍቶ ያየ ሰው፣ ፎስፌት ብቻውን ጥፋተኛ አለመሆኑን ቢያውቅም እንኳ ነጻ አድርጎ አያሰናብተውም።

ዓለም በዚህ ረገድ አንድ ጊዜ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጅራታቸው የተቀረንጫፈ ሰርፋክታንቶች በባክቴሪያ በቀላሉ ስለማይበሉ ወንዞች በአረፋ ተሸፍነው ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ጅራታቸው ቀጥ ባለው በዛሬዎቹ ሰልፎኔቶች ተተኩ፤ አረፋውም ጠፋ። ፖሊመሮቹን በተመለከተ ግን ነገሩ ገና አላለቀም። ፖሊአክሪሌት በተፈጥሮ የሚፈርሰው በጣም በዝግታ ነው፤ ሲ.ኤም.ሲ.ም ቢሆን ከተራ ሴሉሎስ የበለጠ ይዘገያል። ስለዚህ ለማወፈር ብቻ ፖሊመር መጨመር ገዢውን ማታለል ብቻ ሳይሆን፣ ወንዙንም ያለ ጥቅም ማሸከም ነው። ሥራ ያለውን ፖሊመር በልኩ እንጨምር፤ ሥራ የሌለውን አንጨምር።

ከእኛ ምን ይጠበቃል

ክቡራትና ክቡራን፤

የወጣቶቹ ቤት ዛሬ የለም፤ ሰፈሩ ፈርሶ እነርሱም እማማም ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ወጣቶቹ ግን ሥራቸውን አላቆሙም። አሁን መጀመሪያ ሰልፎኒክ አሲዱን በሚገባው መጠን ያደርጉታል፤ ኮስቲክ ሶዳውን በጥቂት በጥቂቱ እያቀዘቀዙ ይጨምራሉ፤ ቆዳ እንዳይጎዳ በወረቀት ይለካሉ። ጨውን በደብተር ይመዘግባሉ። ሲ.ኤም.ሲ.ን ለሚያዘጋጁት ዱቄት ብቻ፣ ለትክክለኛ ሥራው ይጠቀሙበታል።

ከሁሉም በላይ አንድ ፈተና ያካሂዳሉ። ከአቡጀዲ ሁለት ቁራጭ ይቆርጣሉ፤ አንዱን በጥላሸትና በዘይት ያድፉታል፤ ሁለተኛውን ንጹሕ ይተዉታል። ሁለቱንም በአንድ ሳፋ ያጥባሉ። ያደፈው ምን ያህል እንደነጣ የሰርፋክታንቱን ሥራ ይነግራቸዋል፤ ንጹሑ ምን ያህል እንዳደፈ ደግሞ የፖሊመሩን ሥራ ይነግራቸዋል። ለመለቅለቅ ያስፈለገውን ውኃም በሊትር ይጽፋሉ። ይህን ሦስተኛውን መለኪያ የጨመርነው በእማማ ምክር ነው፤ በየትኛውም መጽሐፌ ውስጥ አላገኘሁትም።

ማኅበራችን ታላላቅ ፋብሪካዎችን የሚያማክሩ፣ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩና የጥራት ደረጃ የሚያወጡ ብዙ አባላት አሉት። ከእነዚህ ውስጥ በየዓመቱ ጥቂት ቀናትን በየሰፈሩ በርሜል አጠገብ ለመቆም የሚፈቅዱ ቢገኙ፣ ብዙ ብድር ከመደፋት፣ ብዙ ነጠላም ከመበላሸት ይድናል። ሄደንም እንደ እኔ በችኮላ መልስ አንስጥ፤ አስቀድመን ምን እንደጨመሩና ምን እንደቀነሱ እንጠይቅ። ከዚያም ያጠበችውን እንጠይቅ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ያንን ወንዝ ሲያዩ ከእጣቢዋ ሴት ሥራ ተነሥተው ወደ ሳይንስ ሄዱ። እኔ ከሳይንስ ተነሥቼ ወደ አጣቢዋ መሄድ ነበረብኝ፤ ዘግይቼ ሄድኩ። እናንተ አትዘግዩ።